እስክመጣ አይፈታ

ጡረታ በወጣሁ ጊዜ ባልደረቦቼ ሻይና ዳቦ አዘጋጅተው ሸኙኝ። ኃላፊያችን፣ ከልጄ በዕድሜ የሚያንስ ሰው፣ ብድግ ብሎ «ስንቱን የወደቀ ያነሱ፣ ስንቱን ያስኬዱ አባት ናቸው» አለ። አጨበጨቡ፤ ጋቢ አለበሱኝ። እኔም ተነስቼ አመሰገንኩና ስለ ድሮ መንገድ፣ ስለ ድሮ ጭቃ አንዳንድ የሚያስቅ ነገር አውርቼ ተቀመጥኩ። ማውራት የነበረብኝን ነገር ግን ዋጥኩት። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን አጣጥፌ ሳስቀምጥ ራሴን ታዘብኩት፤ ያን ቀን ያላልኩትን እዚህ ልጽፈው የተነሳሁትም ለዚህ ነው።

አያቴ ከሰሜን በጸሐፊነት መጥተው ቦንጋ የቀሩ ሰው ናቸው። እኔ ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ ባድግም የአገሬው ቋንቋ ካፊኖኖዬ ከገበያ አያልፍም። ሰላምታ መስጠትና ዋጋ መጠየቅ አላቅትም፤ ሰው ሕመሙን ሲነግረኝ ግን ግማሹ ያመልጠኛል። ይህ ጉድለቴ ሥራ ስጀምር የሚያሳፍር አይመስለኝም ነበር። የቢሮው ቋንቋ አማርኛ ነው፣ ካርዱ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሌላውን አስተርጓሚ ይሙላበት እል ነበር።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ በማግሥቱ ዓመት፣ ዋጫ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በጤና ረዳትነት ነው። የመጀመሪያ አለቃዬ ሪፖርት የሚወዱ ሰው ነበሩ። በሽተኛ ተሸክመን ስናመጣ ቀድመው የሚጠይቁት በየትኛው ቅጽ እንደሚገባ ነው። እዚያ አራት ዓመት መርፌ ወጋሁ፣ ቁስል አጠብኩ፣ ቅጽ ሞላሁ። ከዚያ ወደ ቦንጋ ተዛወርኩና የጥቂት ወራት ሥልጠና ተሰጥቶኝ «የአካል ተሃድሶ» የሚል ሰሌዳ የተለጠፈባት አንዲት ክፍል ውስጥ ተመደብኩ። ክፍሏ ሁለት አልጋ፣ አንድ የብረት ካቢኔና አናጢ ከዋንዛ የሠራቸው ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ነበሯት። በሽተኛው በሁለቱ መሀል እየያዘ መራመድ የሚለማመድባቸው ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋሽ አደሎ ነበሩባት።

ጋሽ አደሎ የድሮ ድሬሰር፣ ቁስል በማጠብ ሥራ የጀመሩ አስታማሚ ናቸው። ዲፕሎማ የላቸውም። ከውጭ የመጣች አንዲት ባለሙያ ለአንድ ክረምት ያሳየቻቸውን ይዘው፣ የቀረውን በእጃቸው እየዳሰሱ የተማሩ ሰው ናቸው። በሽተኛ ሲገባ ፊቱን ከማየታቸው በፊት ጫማውን አስወልቀው ሶሉን ይገለብጣሉ። የትኛው ዳር እንደተበላ አይተው ሰውዬው እንዴት እንደሚወድቅ ይነግሩታል፤ በሽተኞቹም እሳቸውን ጠንቋይ ናቸው እያሉ ይስቁ ነበር። እግር የሚታሰርበት አዲስ ዓይነት የሚጣበቅ ፕላስተር ሲመጣ መጀመሪያ በራሳቸው እግር ላይ አስረው ቀኑን ሙሉ ይውሉበታል። አንድ ጊዜ ሲያነክሱ አይቼ ምን ሆኑ ብላቸው፣ ይኼኛው ከሰዓት በኋላ ይነክሳል፣ ለሽማግሌ አይሆንም አሉኝ።

እግር ማሰር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስትሮክ የምንለውን የአገሩ ሰው «ጎኑን መታው» ይለዋል። ጎኑን የተመታ ሰው ነፍሱ ከተረፈች በኋላ እግሩ ሁለት ነገር ይረሳል፤ ጣቶቹን ወደ ላይ ማንሳትና ተረከዙን አስተካክሎ ማሳረፍ። ሲራመድ ጣቱ መሬት ይጭራል፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ክብደቱ ሁሉ በእግሩ ዳር ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሰውዬውን አስቀምጠህ እግሩን ጭንህ ላይ ታወጣለህ። ይታጠባል፣ ጸጉሩ ይላጫል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ውስጥ እግሩን በደረትህ ደግፈህ ቀጥ ታደርገዋለህ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አንድ ዙር ፕላስተር፣ ሳይጠብቅ። ከዚያ ከውስጥ በኩል ተነስቶ በተረከዙ ሥር አልፎ በውጭ በኩል ወደ ላይ የሚሳብ፣ እንደ በቅሎ እርካብ እግሩን ከታች የሚይዝ፤ አንዱ የሌላውን ግማሽ እየደረበ ሦስት ጊዜ። መጨማደድ የለበትም፤ ትንሽ ጭምድድ ሲያድር ቁስል ይሆናል። በመጨረሻ የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭነህ ትለቅና ደሙ ቶሎ መመለሱን ታያለህ። ይህን በሚገባ ያሰርክለት ሰው ሲነሳ ፊቱ ላይ የሚታየው መገረም ነው። መሬቱ እንደ ድሮው ይቀበለዋል።

ጋሽ አደሎ አስረው ሲጨርሱ ምንጊዜም የሚፈታበትን ጊዜ በገበያ ቀን ቆጥረው ይነግራሉ። ገበያ ሲቆም ፍቱት፣ ወይም ከገበያ በኋላ ሁለት ሌሊት አሳድራችሁ ፍቱት ይላሉ እንጂ «እስክመጣ» ወይም «እስክትመጡ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝና ይህን የገጠር ልማድ አድርጌ ቆጠርኩት። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ስጠይቃቸው ቀና ብለው አዩኝና፣

«አንተ ልትቀር ትችላለህ። መኪና ይበላሻል፣ አለቃ ይጠራሃል፣ ትታመማለህ። ገበያ ግን አይቀርም» አሉኝ።

ሰማሁ፤ በልቤ ግን አልያዝኩትም።

ጋሽ ኮቺቶ የመጡት ጋሽ አደሎ ጡረታ ወጥተው ክፍሏ ለእኔ ከቀረች በኋላ ነው። ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ ካለ መንደር፣ ስድሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ የአገር ሽማግሌ ናቸው። የሚያርሱት መሬትና የሚሰቅሉት ቀፎ አላቸው፤ የታወቁት ግን በዳኝነታቸው ነው። ሁለት ሰው በወሰን ቢጣላ እሳቸው ሳይሰሙት አያልቅም። «እስክንመጣ ድንበሩን እንዳትነኩ» ብለው ሄደው ሳምንት ቢቆዩ ተጣዪዎቹ ከዚያ መሬት ላይ ሣር አያጭዱም ይባል ነበር። ግራ ጎናቸው ተመቶ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ አደረሳቸው፤ ከዚያ በጭነት መኪና ቦንጋ ገቡ። አንደበታቸው ከበድ ስላለ የሚያስተረጉሙልኝ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ነበሩ። እትዬ አልማዝ ቦንጋ ያደጉ፣ አማርኛቸው የተስተካከለ ሴት ናቸው። የመጀመሪያውን ቃል ግን ጋሽ ኮቺቶ ራሳቸው በአማርኛ ተናገሩት።

«የመንደሩን ትከሻ ጨረስኩት፣ ልጄ። ከእንግዲህ በሰው ትከሻ አልሄድም።»

ከዘመድ ቤት እየተመላለሱ አንድ ወር በአግዳሚዎቹ መሀል ተለማመዱ። ጉልበታቸው ተመለሰ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ግን እምቢ አለ። አሰርኩላቸው። ዱላቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ተነሱና ግቢውን ዞሩ። ይድገሙ ሳልላቸው ደግመው ዞሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የመንደሩ ሰው መንገድ ዳር ቃሬዛ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። እሳቸው ከመኪናው ወርደው ዱላቸውን ተክለው ቀድመው ሄዱ፤ ሰዉ ባዶውን ቃሬዛ ተሸክሞ ከኋላ ተከተላቸው። ይህን እትዬ አልማዝ እየሳቁም እያለቀሱም ነገሩኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም።

በየሳምንቱ የክትባት ቡድኑ መኪና ወደ ሺሺንዳ ስትሄድ አብሬ እሄድና አስርላቸው ነበር። ሁለት ሌሊት ካደረ በኋላ እትዬ አልማዝ ይፈቱታል፣ ያጥቡታል፣ እኔ እስክመለስ እግሩ ያርፋል። በሦስተኛው ሳምንት ስደርስ ጋሽ ኮቺቶ ተኮሳትረው ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሚታሰርበት ቀን አንሷቸዋል። ሲታሰር ይሄዳሉ፣ ሲፈታ ይቀመጣሉ። በዚያ ሳምንት ደግሞ ከወንዙ ማዶ የወሰን ጉዳይ አለ፤ ጎናቸው ከተመታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዳኝነት ተጠርተዋል። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ከአራት ቀን በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን ከተፈታ በቃሬዛ መሄዳቸው ነው።

«በቃሬዛ የመጣ ሽማግሌ ማንን ይዳኛል?» አሉኝ።

አሳዘኑኝ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሥራዬ ወንዝ ተሻግሮ ሰው ፊት ሲቆም እኔም ደስ ይለኛል። ስለዚህ ፕላስተሩን ጨመር አድርጌ አሰርኩና ተነሳሁ። የክትባት መኪናዋን ሳልጠብቅ በቅርቡ ራሴ እመጣለሁ፣ እስክመጣ አይፈታ አልኩ። እትዬ አልማዝ በካፊኖኖ ነገሯቸው። ጋሽ ኮቺቶ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ማለቴ ጥቂት ቀን ይቆይ ነው። እሳቸው የሰሙት ግን ዕድሜ ልካቸውን ለሌላ ሰው ሲሰጡት የኖሩትን ትእዛዝ ነው። የተናገረው ሰው ካልመጣ የማይነሳ ትእዛዝ። የገበያውን ቀን ጠርቼ ቢሆን ኖሮ ገበያው ያነሳው ነበር።

ቦንጋ ስገባ ስብሰባ ተጠርቷል። የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚታደስበት ዘመን ነበር። የእኔም ክፍል ተሃድሶ፣ ስብሰባውም ተሃድሶ፤ አንዱ እግር ያድሳል፣ አንዱ አመለካከት ያድሳል እያልን በየጥጉ እንቀልድ ነበር። ጥቂት ቀን ይፈጃል የተባለው ስብሰባ ወደ ግምገማ ዞረና አሥራ ስምንት ቀን ፈጀ። ጠዋትና ከሰዓት ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው የሚጻፍበትን ሁሉም ያውቀዋል። ጥፋቱን ግን በስብሰባው ላይ አላላክክም። በስድስተኛው ቀን ለምሳ ስንወጣ የማውቀው ሹፌር እህል ጭኖ ወደ ሺሺንዳ ሊነሳ ሲል አገኘሁት። ጋሽ ኮቺቶ ትዝ አሉኝ። «ይፈታ» የሚል አንዲት ቃል በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ልሰጠው ኪሴን ዳበስኩ። ከዚያ ሰው ሲያሳክከው ራሱ ይፈታዋል ብዬ ተውኩት። ያ እግር ማሳከክ እንደማይሰማው ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ስብሰባው ባለቀ ማግሥት ልሄድ ስዘጋጅ እሳቸው ቀድመውኝ መጡ። በቃሬዛ። ክረምት ነበር፤ ቦት ጫማቸውን አድርገው በጭቃው ወንዙን ተሻግረው ዳኝተው ተመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ጣላቸው። ክፍሏ ውስጥ ሲገቡ ሽታው ከእሳቸው ቀድሞ ገባ። ፕላስተሩን በዘይት እያራስኩ ስልጥ ቆዳው አብሮ መጣ። ተረከዛቸው ጠቁሯል። እትዬ አልማዝ ሁለት ጊዜ መቀስ አንስተው ነበር፤ ሁለት ጊዜም ባላቸው ከልክለዋቸዋል። ጋሽ ኮቺቶ ተጋድመው ያዩኝ ነበር። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። የተሰጠውን አደራ የመለሰ ሰው ፊት ነበር።

«ቃልህን አልሰበርኩም» አሉኝ።

ስኳር በሽታ እንዳለባቸው ያወቅነው ያን ቀን ነው። ቀደም ብሎ ማስመርመር የኔ ሥራ ነበር። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈላቸው፤ እዚያ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። እኔ ካርዱ ላይ የስኳር ቁስል ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አልወቀሰኝም። በዚያ ወር የደሞዝ እርከን ጭማሪ ደረሰኝ።

ጋሽ አደሎ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ የእንሰት ቅጠል እየቆረጡ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሹፌሩን ነገር እንኳ አልደበቅኩም። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንት ገበያ አለፈ?»

ሁለት አልኩ። ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቅጠላቸውን መቁረጥ ቀጠሉ፣ እኔም ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም እግር አላሰርኩም። ዱላ እሰጣለሁ፣ አግዳሚዎቹ መሀል አለማምዳለሁ፣ እጅና ጉልበት አሻለሁ። ፕላስተር ግን አልነካም። በካቢኔው ታችኛው መደርደሪያ ላይ ሙሉ ጥቅሉ ተደርድሮ ነበር፤ ቁልፉን ከእኔ በቀር የሚይዝ የለም። ሪፖርቴ ላይ ይህን ያየ አለቃ አልነበረም፤ ሥራው ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ በአንድ መስመር ነው የሚገባው። ጥንቃቄ ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ፍርሃት ነበር።

ጋሽ ኮቺቶን በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ እጠይቃቸው ነበር። ግራ እጃቸው ስለማይጨብጥ ክራንቹ አልሆነላቸውም። ከቤት የሚወጡት ሰው ሲሸከማቸው ብቻ ነው፤ ለልቅሶ፣ ለቤተ ክርስቲያን። ለዳኝነት ሲጠሩ ግን እምቢ አሉ። ጉዳዩን ቤትዎ ድረስ እናምጣልዎ ቢሏቸውም አልተቀበሉም። ስለ እግራቸው አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ማር ያስቀርቡልኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እበላለሁ።

ሁለት ዓመት እንዳለፈ እትዬ ብርሃኔ የሚባሉ የዚያው መንደር ሴት ከልጃቸው ጋር ወደ ክፍሌ መጡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ሺሺንዳ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው። ቀኝ ጎናቸው ተመቶ ዳነ፤ የቀረው እግራቸው ነው። እንዲራመዱ አደረግኩ። ጣታቸው መሬት ጫረ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ወደ ውስጥ ታጠፈ። ሶላቸውን ገልብጬ አየሁት፤ የውጭው ዳር ተበልቷል። ስኳር አስመረመርኳቸው፤ የላቸውም። ቆዳቸው ጤናማ ነው፣ ስነካቸው ይሰማቸዋል። ጋሽ አደሎ እኔን ለማስተማር መርጠው ያመጡት እግር ይመስል ነበር።

ማን እንደላካቸው ስጠይቅ ጋሽ ኮቺቶ ናቸው አሉ።

«እሱ ያስርሻል፣ ትሄጃለሽ አሉኝ። እኔን ሦስት ሳምንት አስኪዶኛል አሉኝ።»

እግራቸው ጭኔ ላይ ነበር። ታጥቧል፤ ልጃቸው ከመንገድ በፊት አጥባዋለች። በእጄ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። ሽታው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ሽታ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እግራቸውን ቀስ ብዬ መሬት አሳረፍኩና ፕላስተር የለም፣ አልቋል፣ ከላይ አልተላከልንም አልኩ። እትዬ ብርሃኔ ምንም አይደል ብለው ጭራሽ እኔን አጽናኑኝ። ጎማ የተገጠመለት ዱላ ሰጠኋቸው፣ የሚሠሩትን እንቅስቃሴ አሳየኋቸው፣ ሲመጣ አስጠራዎታለሁ አልኩ። አላስጠራሁም።

በክረምቱ፣ ከቤታቸው በታች ያለውን ጅረት በግንድ ድልድይ ሲሻገሩ ቁርጭምጭሚታቸው ታጠፈና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ከአልጋ ሳይነሱ ሁለት ወር ቆይተው አረፉ። ወሬውን የሰማሁት ከክትባት ቡድኑ ነው።

ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ጋሽ ኮቺቶ በሰው ትከሻ መጥተው ከምሰሶው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል። አይተውኝ በእጃቸው ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«እኔ ሦስት ሳምንት በእግሬ ሄጃለሁ። ወንዙን በእግሬ ተሻግሬ ዳኝቻለሁ። እሷ አንድ ቀን አልሄደችም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ፕላስተር የለም አለኝ ብላ ነግራኛለች። እውነት ፕላስተር አልነበረም?»

ይህ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሰው እየሰማ የኖረ ነው። እውነቱን ብነግራቸው ይፈርዱብኝ ነበር፤ ፍርዱም ይገባኝ ነበር። ምናልባትም ይቅር ይሉኝ ነበር። የካቢኔው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«አልነበረም» አልኩ።

ጋሽ ኮቺቶ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ከማዶ ወደተቀመጡት ሰዎች ዞረው ጮክ ብለው በካፊኖኖ ተናገሩ። ካፊኖኖዬ ከገበያ አያልፍም፤ ይህን ግን አንድ ቃል ሳያመልጠኝ ሰማሁት። ይህ ልጅ ጥፋት የለበትም፣ መድኃኒቱን ያልሰጡት ከላይ ያሉት ናቸው፣ ቢኖረው ኖሮ ያስርላት ነበር አሉ። ሰዎቹም እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።